ከአይሻ የመጣው ደብዳቤ

እሑድ፣ ሰኔ 28 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ማንም እንዲያነበው አይደለም። ሻምበሉ «ካንተ የተሻለ ጽሕፈት እዚህ ሰፈር የለም» እያሉ ያመሰግኑኛል፤ የተመሰገነው ጽሕፈቴ ግን ከዱቄት ማዘዣና ከጎማ መጠየቂያ ሌላ የጻፈው ቁም ነገር የለም። እስቲ ለራሴም ትንሽ ይጻፍልኝ ብዬ ነው።

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከዘብ በቀር ሁሉ ይተኛል። የቆርቆሮው ሙቀት አናት ላይ ይወርዳል። አገሬ አሰበ ተፈሪ ይሄኔ ጭቃና ጉም ነው። እዚህ ክረምት መግባቱ የሚታወቀው ሐረር በኩል ያለው ተራራ ላይ ሲዘንብና የደቻቱ ወንዝ በድንገት ሞልቶ የከተማዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ ሲለያያቸው ብቻ ነው። የበጋው የድንበር ግጭት በርዷል ቢባልም የተጠንቀቅ ትእዛዙ አልተነሳም። ፈቃድ በወር ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሰጠው።

አጠገቤ የሚተኛው ዓዋሌ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው። የአይሻ ልጅ ነው፤ አይሻ በባቡር ወደ ጅቡቲ መንገድ ግማሽ ቀን ነው። ማንበብ አይችልም፤ የእናቱን ደብዳቤ የማነብለትም መልሱን የምጽፍለትም እኔ ነኝ። ለእናቱ ለኹርሲ የሚጽፍላት ደግሞ የአይሻ ጣቢያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው። እኔ ከታች «ጸሐፊው ነጋም ሰላም ብሎሻል» ብዬ እጨምራለሁ፤ እሷም «ልጄ ነጋ እንዴት ነው?» ትላለች። ባለፈው ቴምር ላከችልኝ። ዓዋሌ «ወሪያ፣ እናቴን ወሰድክብኝ እኮ!» ብሎ ግማሹን በላብኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

ጎርፍ። ባቡር የለም። ቦቴው ወንዙ ማዶ ቀረ፤ ውሃ የለም፤ የተናደደ ሁሉ የሚመጣው ወደ ጸሐፊው ነው።

የነሐሴ ፈቃድ ገና ማንም አልተጻፈበትም። ለፍልሰታ መፍቻ እናቴ ዘንድ ብሆን! ካየኋት ሁለት ዓመት አለፈ። አባቴ ሲሞት እንኳ አልደረስኩም። መርዶውን የሰማሁት ማሠልጠኛ ሆኜ፣ በማለዳ ቆጠራ ላይ ነው። አንድ ባሻ ስሜን ጠርቶ «አባትህ ሞቷል፣ ፈቃድ ግን የለም» አለና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። «አቤት» ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ለማንም፣ ለጠላቴም ቢሆን፣ እንዲህ ዓይነት መርዶ አላረዳም ብዬ የማልኩት ያን ቀን ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 15

ዛሬ ባቡር ገባ። ከአይሻ ደብዳቤ አለ፤ ግን ለዓዋሌ አይደለም። ለእኔ ነው። እዚህ ልገልብጠው፦

«ይድረስ ለአስር አለቃ ነጋ። ለጤናህ እንደምን አለህ? የዓዋሌ እናት በጣም ደክማለች። እህል አትቀምስም። ዓዋሌ መኪና ስለሚነዳ እንዳይደነግጥ አንተ በዘዴ ንገረው። አለቃችሁንም ለምነህ ላክልን። ቶሎ ይምጣ። እህቱ ኡባህ። ሐምሌ 12 ቀን።»

ይህ ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሆነ ለእኔ ማንም አይነግረኝም። አገሬ ሰው ሲሞት በደብዳቤ «ሞተ» ተብሎ አይጻፍም፤ ለባለሐዘኑም አይላክም። ለወዳጁ ይላካል። ታማለች፣ ደክማለች፣ ቶሎ ይምጣ ይባላል። ወዳጁ ሰዎች ይሰበስብና፣ እህል አቅምሶት፣ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩተው ያረዱታል። ያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ኹርሲ ሞታለች። ነፍሷን ይማር። ዓዋሌ ይሄኔ እዚያ ማዶ ቦቴውን እያጠበ ያፏጫል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16

አልነገርኩትም። ጠዋት ሁለት ጊዜ ወንዙን መሻገር ነበረበት፤ ሾፌርን በመንገዱ ላይ አያረዱም። ደግሞም ለብቻዬ አይሆንም። የእምነቱ ሰዎች ሊኖሩ ይገባል። ሃምሳ አለቃ ተማም የድሬ ልጅ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፤ እሱን መያዝ አለብኝ። ተማም ግን ለሥራ ሁርሶ ሄዷል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አይመለስም።

«ባቡር ገብቷል አሉ። ከሆዮ ደብዳቤ የለም?» አለኝ ዓዋሌ። እናቱን ሆዮ ነው የሚላት።

«የለም» አልኩት። ደብዳቤው ለእኔ ስለተላከ ውሸት አይደለም።

እሑድ፣ ሐምሌ 19

ከከፊራ ገበያ ለእናቱ ጋርባሳር ገዝቶ መጣ፤ ሴቶቻቸው ትከሻቸው ላይ የሚጥሉትን ስስ ልብስ። አረንጓዴ ነው፣ ዳሩ ቢጫ። ባለሱቋን ግማሽ ቀን አስጨንቋት ይሆናል። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጦ «ጻፍ» አለኝ።

«ሆዮ፣ እኔ ደህና ነኝ። መኪናውም ደህና ነው። ይህን ለዒድ ሳይሆን አሁኑኑ ልበሺው፤ አስቀምጠሽ አይጥ እንዳይበላው። ነጋም ሰላም ብሎሻል።» የመጨረሻዋን እኔ ሳልጨምር እሱ ራሱ አላት።

ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ተበላሸና እንደገና ጻፍኩ። ባቡር ላይ ለሚሠራውና የወታደሩን ዕቃ ለሚያደርሰው ለሞሐሙድ እንድሰጥለት ጋርባሳሩንም ደብዳቤውንም ለእኔ ተወልኝ። እንዴት ብዬ ልላከው? ለሞተች ሴት ስጦታ ለቅሶ ቤት ሲገባ ኡባህ ምን ትሆናለች? ቢሮዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ማታ «ሰጠኸው?» አለኝ፤ «ሰጠሁት» አልኩት። ይህችኛዋ ውሸት ናት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 24

ሻምበሉ የነሐሴውን ፈቃድ ስም አምጣ አሉኝ። ዝርዝሩን የማወጣው እኔ ነኝ።

ነገሩን በደንብ አሰብኩበት። ኹርሲ ተቀብራለች። ዓዋሌ ዛሬም ቢሄድ፣ በመስከረምም ቢሄድ የሚደርሰው ለቅሶ ቤት ነው። የእኔ እናት ግን በሕይወት አለች፤ ዓይኗም እየደከመ ነው ብለውኛል። ተማም ሲመለስ፣ እኔም ደርሼ ስመጣ፣ ተሰብስበን በወጉ እናረዳዋለን፤ የመስከረሙን ፈቃድ ለእሱ አስይዛለሁ። ለሟች የሚቸኩል የለም።

በዚያ ላይ ምሳ ቤት አንዱ «ያንን ሾፌር ወደ አይሻ ቢለቁት ድንበሩ ሁለት እርምጃ ነው፤ መኪናውንም አናየው» ሲል ሰምቻለሁ። አፉን ላስይዘው ነበር፤ ተውኩት። ሻምበሉም እሺ የሚሉ አይመስለኝም። አልጠየቅኳቸውም እንጂ።

ስሜን ጻፍኩ። ከነሐሴ 14 እስከ 20። ለራሴ ብዬ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 2

ተማም ተመልሷል። ዛሬ ድካም ላይ ነው። ነገ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 4

ተማም ጋ ሻይ ጠጣን። ስለ ሁርሶ አቧራ አወራኝ። ልጀምር ስል ሰው መጣ። ከአይሻ ወዲህ ሐዲዱን ጎርፍ ወስዶታል አሉ፤ ባቡር እስኪጠገን ድረስ በዚያ በኩል አይሄድም። እንግዲህ ብነግረውስ በምን ይሄዳል? ቀለል አለኝ፤ ይህን መጻፉ ያሳፍራል እንጂ ቀለል ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 9

ልነግረው ነበር። እውነቴን ነው። ከቦቴው ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር፤ ሁለታችን ብቻ።

«ሆዮ ዝም ስትል ደስ አይለኝም» አለ። «የጋርባሳሩ መልስ እንኳ የለም። እሷ እኮ መርፌ ብትልክላት ሦስት ወር ነው የምትመርቅህ።»

«ሐዲዱ ተቆርጦ የለም እንዴ!»

«ትናንት ተጠግኗል አሉ። አቦ ነጋ፣ ሻምበሉን ጠይቅልኝ። ሦስት ቀን ብቻ። ዓይኗን አይቼ ልመለስ።»

«የነሐሴው ተይዟል» አልኩት።

«በማን?»

«በእኔ።»

ትንሽ እንኳ ቅር ቢለው ምን አለበት! ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ሃዬ! አንተማ ሂድ። ሁለት ዓመት ሙሉ እናትህን አላየሃትም። እኔ በመስከረም እሄዳለሁ፤ ኢንሻአላህ ሆዮ የትም አትሄድብኝም።» ተነስቶ መኪናውን አስነሳ። ጣቢያ ድረስም እኔ ነኝ የማደርስህ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14፣ ጣቢያ

አደረሰኝ። ሻንጣዬን ተሸክሞ አስገባልኝ። ለእናቴ ሐልዋ ገዝቶላታል። ነገ ለአራት ቀን ከጦሩ ጋር ውሃ ይዞ ወደ በረሃ ይወጣል። ባቡሩ ሊነሳ ነው።

እሑድ፣ ነሐሴ 17፣ አሰበ ተፈሪ

ከሚኤሶ ወዲህ በጭነት መኪና፣ ዝናብ ላይ። እናቴ በሩ ላይ በእጇ ዳብሳ ነው የለየችኝ። ትናንት ጾሙ ተፈታ፤ ዶሮ ተሠራ። ስበላ አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዱን ጉርሻ በጆሮዋ ትከተል ነበር። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል አልዋሸሁም።

የዓዋሌን ነገር አጫወትኳት። ልቤ እንዲያርፍ፣ «ጎሽ፣ በወጉ አደረግህ» እንድትለኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

«መቼ ነው የሞተችው?» አለችኝ።

«ሐምሌ ላይ።»

«ደብዳቤው ሞተች ይላል?»

«እማዬ፣ ደብዳቤ እንዲህ ብሎ እንደማይጽፍ አንቺም ታውቂያለሽ!»

«ለእኛማ አውቃለሁ» አለች። «ለእነሱ ግን ምን አውቃለሁ? ጎረቤታችን የነበሩት እስላሞች ሰው ሲሞትባቸው ፀሐይ ሳይጠልቅ ቀብረው፣ አገሩን ሁሉ ይጠሩ ነበር። የሚያውቅ ሰው ጠየቅህ?»

ተቆጣሁ። እናቴን፣ በሁለት ዓመቴ መጥቼ ተቆጣኋት። ከዚያ ስለ ጣሪያው አወራን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 21፣ ድሬዳዋ

ደረስኩ። ዓዋሌ ከበረሃ አልተመለሰም፤ አራት ቀን የተባለው ረዘመ። እንደመጣ ተማምን ይዤ እነግረዋለሁ። ዛሬውኑ ለተማም መንገር እችል ነበር። ደክሞኛል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 25

እንደሆነው ልጻፈው።

አራት ሰዓት ላይ ዘቡ «በር ላይ ሴት ትፈልግሃለች» አለኝ። ወጣሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቷ ቁርጥ ዓዋሌን። «የጽሕፈቱ ነጋ አንተ ነህ?» አለችኝ። ኡባህ ነኝ አለች። የሆነ ነገር አጉረመረምኩ፤ «ነፍሷን ይማር» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሆዮ ሞተች» አለችኝ፤ እንዲሁ፣ ቆማ፣ ዓይኔን እያየች። «ቅዳሜ፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት። አርባ ቀን ሊሞላት ትንሽ እስኪቀር ተኝታለች።»

ነሐሴ አሥራ ስድስት።

«ባቡር ሲመጣ ውጪ አውጡኝ ትል ነበር። ከነምንጣፏ ነው የምናወጣት። የሚወርደውን ሰው ሁሉ ታያለች። ዓዋሌ ሳይኖር ሲቀር ‹አለቃው ከልክሎት ነው፤ በሚቀጥለው› ትላለች። ሐዲዱ በተቆረጠ ጊዜ እንኳ ‹አውጡኝ› አለች። ደብዳቤዬ ደርሶህ ነበር?»

መልስ ሳልሰጣት ቦቴው መጣ። ዓዋሌ አቧራ ለብሶ፣ እህቱን ከሩቅ አይቶ፣ እየሳቀ ዘሎ ወረደ። እሷም በቋንቋቸው፣ በሁለት ቃል፣ በር ላይ ነገረችው። ሽማግሌ የለ፣ ማለዳ የለ። አሸዋው ላይ ቁጢጥ አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት ነው።

ከዚያ በአማርኛ ተነጋገሩ፤ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል።

«አንድ ቃል እንኳ አልላክህላትም» አለችው።

«እንዴ! ደብዳቤ ልኬያለሁ። ጋርባሳር ልኬያለሁ።»

«የደረሰ የለም። እኔም ለነጋ ጽፌ ነበር።»

«መንገድ ላይ ጠፍቷል» አላት። «ለነጋ ቢደርሰው በዚያው ቀን ይነግረኝ ነበር። ወላሂ፣ በእግሬ ይልከኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 26

ኡባህ በጠዋቱ ባቡር ተመለሰች። ሻምበሉ የሚተካ ሾፌር ሲመጣ ለዓዋሌ ሰባት ቀን ፈቅደዋል። «እናቱ መታመሟን ማንም አልነገረኝም፤ ያን ጊዜ ብሰማ በማግስቱ እለቀው ነበር» አሉኝ። በማግስቱ።

በሕይወት ነበረች። ዶሮ ስበላ በሕይወት ነበረች። ወይም ያን ሰዓት ነው የሞተችው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ኡባህን አልጠየቅኳትም፤ ልጠይቅ ነበር።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 28

ሰዎች እየመጡ ዓዋሌን ያስተዛዝናሉ። ተማም ቁርአን አስነብቦለታል። ዓዋሌ ለመጣው ሁሉ ስለ ጎርፉ ይነግራል፤ ጎርፉ የእህቱን ደብዳቤ እንደወሰደው። እያንዳንዱ ሰው «አይ ጎርፍ!» ይላል። እኔም ከመሐላቸው ተቀምጬ ሻይ እቀዳለሁ። ደብዳቤው በደረት ኪሴ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ፈራሁ፤ ማቃጠልም አልሆነልኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 30

«ደብዳቤው ይሁን፣ ጎርፍ ነው» አለ ዓዋሌ። «ጋርባሳሩ ግን ጎርፍ አይደለም። ባንተ እጅ ለሞሐሙድ ነው የተሰጠው። ሞሐሙድ ሸጦታል። ነገ ጣቢያ ሄጄ አንገቱን ነው የምይዘው።»

ሞሐሙድ ስድስት ልጆች አሉት። የአንድም ሰው ዕቃ ጠፍቶበት አያውቅም።

እሑድ፣ ጳጉሜ 1

ነገርኩት።

ከሞሐሙድ ጋር ከመጣላቱ በፊት ማለዳ ቢሮዬ ጠራሁት። ለብቻው። ሣጥኑን ከፍቼ ጋርባሳሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፣ የጻፍንላትን ደብዳቤም። ከዚያ የኡባህን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩለት፤ ከ«ይድረስ» እስከ ቀኑ። ድምፄን እንኳ እንደ ወትሮው አስተካክዬ ነው ያነበብኩት፤ የለመደ ነገር ክፉ ነው።

«መቼ ደረሰህ?»

«ሐምሌ አሥራ አምስት።»

በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ቀን ቆጠረ። ሠላሳ አንድ ቀን ነው፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስቆጥረው አድሬአለሁ።

«ለምን?» አለኝ። ጮክ እንኳ አላለም።

«የሞተች መስሎኝ። አገራችን ሞት እንዲህ ነው የሚጻፈው። ሰው ሰብስቤ በወጉ ላረዳህ ብዬ...»

«ሞታለች ይላል?»

«አይልም።»

«እኛ የሞተን ሞተ ነው የምንለው። ዕለቱን እንቀብራለን፣ ዕለቱን እንናገራለን። ኡባህ ደክማለች ካለች፣ ደክማለች ነው።» ጋርባሳሩን አጥፎ አጥፎ ትንሽ አደረገው። «ተማም ከዚህ መቶ እርምጃ ነው የሚተኛው። እኔ ደግሞ አጠገብህ ነው የምተኛው። አንዳችንን ብትጠይቅ ምን ነበረበት?»

የፈቃዱን ነገር እንዲያነሳ ጠበቅኩ። ምሥጢሩ እዚያ እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ፤ ወግ ወግ ያልኩት፣ ተማምን ዛሬ ነገ ያልኩት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። ቢያነሳው እንደ ፍርድ እቀበለው ነበር። አላነሳውም። ዕቃውን ይዞ ወጣ።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 2

ለማንም አልተናገረም። ተማም ዛሬም «አይ ጎርፍ!» አለኝ። ለተማም ራሴ ነገርኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ።

ለሻምበሉም የአንድ ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ፤ የተመሰገነው ጽሕፈቴ። አነበቡት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፣ «ውጣ» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 3

ተተኪው ሾፌር ስለመጣ ዓዋሌ ዛሬ ሄደ። የፈቃዱን ወረቀት እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጣቢያ ላድርስህ ስለው መንገዱን ጀመረ፤ ከኋላው ሄድኩ። ሻንጣውን ልያዝ ብዬ እጄን ብዘረጋ በሌላኛው እጁ ያዘው።

ባቡሩ እስኪነሳ ጎን ለጎን ቆምን። ይቅርታ አልኩት፤ አማርኛ ብዙ ቃል አለው፣ ሁሉንም አልኩት። ሐዲዱን እያየ ሰማኝ። «ስመለስ አልጋዬ ተማም አጠገብ ይሁን» አለ። «እሺ» አልኩት። ይመለሳል ማለት ነው ብዬ በዚህም ደስ አለኝ።

ተሳፍሮ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ሄደህ እናትህን አገኘሃት?» አለኝ። ከበረሃ ሲመለስ ሐዘኑ ተቀብሎት፣ እስከ ዛሬ ሳይጠይቀኝ ቀርቶ ነው።

«አገኘኋት።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ለሽሙጥ አልነበረም። ከልቡ ነው ያለው፣ እኔም ባቡሩ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አለቀስኩ።